ፍቅር፣ ፍርሃትና የተንጠለጠለ ልብ፦ አጫጭር ልብ ወለዶችን እንዴት እናንብብ?

በወጣቶች የጥያቄና መልስ ጊዜ ደጋግመው ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዱ «ልብ ወለድ ማንበብ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንዳንዶች «ውሸት ነው፤ ጊዜ ማባከኛ ነው፤ አትንኩት» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ተራ ታሪክ አይደል እንዴ? ምን ያደርጋል?» ብለው ያልፉታል። ሁለቱም መልሶች ጠያቂውን ብቻውን ይተዉታል። የመጀመሪያው መልስ የተሰጠው ወጣት ማንበቡን አይተውም፤ ተደብቆ ያነባል እንጂ። ሁለተኛው መልስ የተሰጠው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ሳያላምጥ ይውጣል።

ሁለቱ መልሶች የሚጋሩት አንድ ጉድለት አላቸው፤ ይኸውም ታሪክ በአንባቢው ልብ ላይ የሚሠራውን ሥራ አለማየታቸው ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ብዙ ሰው የሚያነባቸውን ሦስት ዓይነት አጫጭር ልብ ወለዶች፣ ማለትም የፍቅር፣ አስፈሪና ልብ አንጠልጣይ የሚባሉትን፣ እንዴት እንደሚሠሩ እንመለከታለን። ለምሳሌነትም በዓለም ዙሪያ የታወቁ አምስት ታሪኮችን እንጠቅሳለን። መጨረሻቸውን ሳንናገር ማብራራት ስለማይቻል ላላነበባችኋቸው አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ልብ የወለደው

«ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ ራሱ ትርጉሙን ይናገራል፤ ልብ የወለደው፣ በምናብ የተፈጠረ ታሪክ ማለት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1908) ሮም ላይ ያሳተሙትና ኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርእስ ነበረው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድም ይህ እንደ ሆነ ይነገራል።

ታዲያ የተፈጠረ ታሪክ ውሸት ነውን? አይደለም። ውሸታም ሰው የሚያወራውን እንድናምነው ይፈልጋል። የልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ታሪኩ የተፈጠረ መሆኑን ከሽፋኑ ጀምሮ ይነግረናል። ኢዮአታም የሴኬምን ሰዎች ሲገሥጽ ንጉሥ ፍለጋ ስለ ወጡ ዛፎች ተናገረ (መሳ. 9፥7-15)። ዛፍ እንደማይናገር ሰሚዎቹ ያውቃሉ፤ መልእክቱ ግን እውነት ነበር። ጌታችን ኢየሱስም ስለ ጠፋው ልጅና ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምር በምሳሌ ተጠቅሟል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክስ፣ ማለትም «ልብ ወለድ ሁሉ ውሸት ነው» የሚለውን፣ ወደ ጎን ማድረግ እንችላለን።

ይሁን እንጂ ልብ የወለደው ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። ጌታ ራሱ ክፉ ነገር ከሰው ልብ እንደሚወጣ አስተምሯልና (ማር. 7፥21-23)። ልብ የወለደውን ታሪክ የሚቀበለውም ሌላ ልብ ነው። ጥያቄው እንግዲህ «የተፈጠረ ነው ወይስ እውነተኛ?» ከሚለው ይልቅ «ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ ሲገባ ምን ይዞ ይገባል?» የሚለው ይሆናል።

አጭር ታሪክ ለምን ይበረታል?

ረጅም ልብ ወለድን ሰው በሳምንት ወይም በወር ያነበዋል። በመካከሉ ይበላል፣ ይሠራል፣ ይጸልያል፣ ከሰው ጋር ይነጋገራል። አጭር ልብ ወለድ ግን ይህን ፋታ አይሰጥም። አሜሪካዊው ጸሐፊ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ፣ አጭር ታሪክ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ መሆን እንዳለበትና እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ወደ ታሰበ አንድ ስሜት መምራት እንዳለበት አስረድቷል። በእርሱ አስተሳሰብ አንባቢው እያነበበ ባለበት በዚያ አንድ ሰዓት ነፍሱ በጸሐፊው እጅ ናት።

ይህ አባባል የተጋነነ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ነቢዩ ናታንን እናስታውስ። ለዳዊት የነገረው ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ አራት ቁጥር ብቻ ነው (2ሳሙ. 12፥1-4)። ሁለት ሰዎች፣ አንዲት በግ፣ አንድ እንግዳ፤ ከዚህ ሌላ የለም። ዳዊት ግን በኦርዮን ላይ ያደረገውን ሲያደርግ ያልተናደደ ልቡ፣ ስለ አንዲት በግ ሲሰማ ነደደ። ናታንም ያ ባለጠጋ ራሱ ንጉሡ መሆኑን ነገረው። ቀጥተኛ ክስ ቢቀርብ ምናልባት በሩን ይዘጋ የነበረን ልብ አጭር ታሪክ ከፈተው።

ይህን ልብ እንበል። በር የሚከፍት ቁልፍ ለባለቤቱም ለሌባም ይከፍታል። ናታን በከፈተው በር ንስሐ ገባ። በዚያው በር ሌላ ነገርም ሊገባ ይችላል።

1. የፍቅር ታሪክ፦ ምን አስመኘኝ?

የፍቅር ታሪክ አሠራር ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች ይፈላለጋሉ፤ በመካከላቸው እንቅፋት ይቆማል። እንቅፋቱ ድህነት፣ ቤተሰብ፣ ርቀት ወይም አለመግባባት ሊሆን ይችላል። አንባቢው እንቅፋቱ እንዲወገድ ይናፍቃል፤ ሲወገድም ታሪኩ ያልቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፤ አብዛኛው የፍቅር ታሪክ የሚያልቀው ትዳር በሚጀመርበት ቦታ ነው። የቤት ኪራይ፣ የታመመ ልጅ፣ የደከመ ባል፣ የተኮሳተረች ሚስት በታሪኩ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ታዲያ ይህን ብቻ ሌሊት ሌሊት የሚያነብ ሰው በናፍቆት መለማመድን ይማራል እንጂ በትዕግሥት መኖርን አይማርም። ውሎ አድሮ አጠገቡ ያለውን የትዳር ጓደኛ በወረቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ማወዳደር ይጀምራል። በወረቀት ላይ ያለው ሰው ደግሞ አይደክመውም፣ አይታመምም፣ አያረጅም። እንዲህ ያለ ውድድር ለማንም ፍትሐዊ አይደለም።

ነገር ግን ሌላ ዓይነት የፍቅር ታሪክም አለ። ኦ. ሄንሪ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1905 ስለ አንድ ድሃ ባልና ሚስት ጻፈ። የገና ዋዜማ ነው። ሚስቲቱ በእጇ ያላት 1 ዶላር ከ87 ሳንቲም ብቻ ነው። ለባልዋ ስጦታ ለመግዛት ረጅም ፀጉርዋን አስቆርጣ በ20 ዶላር ሸጠች፤ ለኪስ ሰዓቱም ሰንሰለት ገዛችለት። ባልየው ሲመጣ ግን ለዚያ ፀጉርዋ የሚሆኑ ጌጠኛ ማበጠሪያዎችን ይዞላት መጣ። የገዛቸው ሰዓቱን ሸጦ ነበር። ሁለቱም ስጦታዎች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ጸሐፊው ግን በመጨረሻ ከስጦታ ሰጪዎች ሁሉ ጥበበኞች እነዚህ ናቸው ይለናል፤ የታሪኩንም ርእስ የወሰደው ለሕፃኑ ኢየሱስ ስጦታ ካመጡት ሰብአ ሰገል ነው (ማቴ. 2፥11)።

ይህ ጸሐፊ የቤተ ክርስቲያን ሰባኪ አልነበረም። የባንክ ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ ተፈርዶበት እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1901 ታስሮ ነበር፤ አጫጭር ታሪኮችንም በእስር ቤት ሆኖ ይጽፍ ነበር። ታሪኩ ግን ፍቅርን በመቀበል ሳይሆን በመስጠት ይለካል፤ ደግሞም ትዳር ውስጥ ገብቶ ነው የሚጀምረው እንጂ በር ላይ አይቆምም። አንብበን ስንጨርስ የሚያስመኘን ሌላ ሰው ማግኘትን ሳይሆን አጠገባችን ላለው አንድ ነገር መስጠትን ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳየናል። አምኖን በትዕማር ፍቅር እስኪታመም ደረሰ ተብሎ ተጽፏል፤ የፈለገውን በግድ ካደረገ በኋላ ግን ጥላቻው ከቀደመው ፍቅሩ በለጠ (2ሳሙ. 13፥1-15)። ቦዔዝ ደግሞ ለሩት ሲል በከተማው በር በሽማግሌዎች ፊት ተቀምጦ ዋጋ ከፈለ (ሩት 4)። ሁለቱም ታሪኮች ስለ ፍቅር ይናገራሉ፤ የሚያስመኙን ነገር ግን አንድ አይደለም።

2. አስፈሪ ታሪክ፦ ምን አስፈራኝ?

አስፈሪ ታሪክ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልጆች ሆነን በእሳት ዳር ስለ ጅብና ስለ ጭራቅ ያልሰማ ማን አለ? ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ብሎ ሲጀምር እኛም እንመልስለታለን፤ ሲጨርስም በታወቀ መዝጊያ ይመልሰናል። መግቢያና መውጫ በር ነበረው። ብንፈራም እናት ወይም አያት አጠገባችን ነበሩ። ዛሬ ግን አንድ ልጅ አስፈሪ ታሪክ የሚያነበው ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ በስልኩ ነው። መውጫውን በር የሚያሳየው የለም።

አስፈሪ ታሪክ በሁለት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው መንገድ ከውጭ የሚመጣ ፍርሃት ነው። እንግሊዛዊው ደብልዩ. ደብልዩ. ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው ዝነኛ ታሪክ አንድ ወታደር ከሕንድ አስማት የተደረገበት የደረቀ የጦጣ እጅ ይዞ ይመጣል። ሦስት ምኞት ይፈጽማል ተብሎለታል። የቤቱ አባወራ 200 ፓውንድ ተመኘ። በማግሥቱ ልጁ በሚሠራበት ፋብሪካ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሞተ፤ ድርጅቱም ለካሣ የከፈለው ልክ 200 ፓውንድ ሆነ። እናት በሐዘን ብዛት ልጃቸው ተመልሶ እንዲመጣ ባልዋን አስመኘችው። ሌሊት በር ተንኳኳ። እናት ልትከፍት ስትታገል አባት የመጨረሻውን ምኞት ተመኘ፤ በሩ ሲከፈት ውጭ ማንም አልነበረም። ጸሐፊው ከበሩ ጀርባ ማን እንደ ነበረ አንድ ጊዜም አያሳየንም። የአስፈሪ ታሪክ ኃይሉ ባልታየው ነገር ላይ ነው፤ የጎደለውን የሚሞላው የእኛው ምናብ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከውስጥ የሚመጣ ፍርሃት ነው። ከላይ የጠቀስነው ፖ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው ታሪክ አንድ ሰው ሽማግሌ ገድሎ ከወለል ጣውላ ሥር ይቀብራል። ፖሊሶች መጥተው ምንም አላገኙም፤ ተቀምጠው ያወራሉ። ገዳዩ ግን ከወለሉ ሥር የሽማግሌው ልብ ሲመታ ይሰማዋል። ድምፁ እየጨመረ ሄደ፤ በመጨረሻም መቋቋም አቅቶት ጮኾ ተናዘዘ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ጭራቅ የለም፤ ያለው ኅሊና ነው። የአቤል ደም ከምድር እንደሚጮኽ (ዘፍ. 4፥10) የሚያውቅ አንባቢ ይህን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም።

ስለዚህ አስፈሪ ታሪክ ሁሉ የጨለማ አገልጋይ ነው ብሎ መፈረጅ ትክክል አይደለም። የጄኮብስ ታሪክ አስማትን አያስመኝም፤ እንዲያውም በአቋራጭ የተገኘ ገንዘብ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያል። የፖ ታሪክም የተሰወረ ኃጢአት ዕረፍት እንደማይሰጥ ይናገራል። ለማየት የሚገባን ታሪኩ የሚያስፈራን ክፉውን ነገር እንድንሸሽ ነው ወይስ በክፉው ኃይል እንድንደነቅ ነው የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ ግን የአገራችንን ሁኔታ መርሳት የለብንም። መናፍስትን እንደ ተረት ብቻ ለሚቆጥር አንባቢ እንዲህ ያለ ታሪክ የአንድ ምሽት ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ከጠንቋይ ቤት ወይም ከዛር መንፈስ እስራት ወጥቶ ወደ ጌታ ለመጣ ወገን ግን ያው ታሪክ የኖረበትን ጨለማ ይቀሰቅስበታል። ለአንዱ መብል የሆነው ለሌላው መሰናክል ሊሆን እንደሚችል ሐዋርያው ጳውሎስ አስተምሯል (1ቆሮ. 8፥9-13)። ስለዚህ «እኔን ምንም አላደረገኝም» ማለት ለወንድማችን በስልክ ለመላክ በቂ ምክንያት አይሆንም። ሌሊት የማይተኛ፣ ብቻውን መሆን የሚፈራ፣ የቆየ ፍርሃት የሚመለስበት ሰው እንዲህ ያለውን ንባብ ቢተው ደካማ አይባልም፤ ራሱን የሚያውቅ ነው እንጂ።

3. ልብ አንጠልጣይ ታሪክ፦ ከማን ጋር አሰለፈኝ?

ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ከአስፈሪ ታሪክ ጋር ቢቀራረብም አሠራሩ ይለያል። የፊልም አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክ በድንገተኛ ድንጋጤና በልብ መንጠልጠል መካከል ያለውን ልዩነት እንዲህ ባለ ምሳሌ ያስረዳ ነበር። ሰዎች ተቀምጠው በሚያወሩበት ጠረጴዛ ሥር የተቀበረ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል። ቦምቡ እንዳለ ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀ ግን ያ ተራ ወሬ ሁሉ የጭንቀት ሰዓት ይሆናል። ልብ የሚንጠለጠለው እኛ የምናውቀውን ነገር በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሳያውቁት ሲቀሩ ነው። መጽሐፈ አስቴርን ያነበበ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሐማ ለመርዶክዮስ ግንድ ባስተከለበት ሌሊት ንጉሡ እንቅልፍ አጣ (አስ. 5፥14፤ 6፥1)። ሐማ ጠዋት ደስ ብሎት ሲገባ እኛ የምናውቀውን እርሱ አያውቅም።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ኮኔል እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተመው ታሪክ አንድ ዝነኛ አዳኝ ከመርከብ ወድቆ ወደ አንዲት ደሴት ይዋኛል። የደሴቲቱ ጌታ ጄኔራል ዛሮፍ አራዊት ማደን የሰለቸው ሰው ነበርና አሁን ሰዎችን ያድናል። አዳኙ ራሱ ታዳኝ ሆነ። በታሪኩ መጀመሪያ ላይ የሚታደን እንስሳ ስሜት የማይገደው ይህ ሰው በጫካ ውስጥ ሲሳደድ የታዳኝን ፍርሃት በሥጋው ተማረ። አንባቢውም አብሮት ይሮጣል፤ ከተጠቂው ጎን ይሰለፋል። በመጨረሻ ግን ሰውዬው ጄኔራሉን አሸንፎ በአልጋው ላይ ሲተኛ አንድ ጥያቄ ይቀርልናል፦ ከሞት የተረፈው ሰው ከአሳዳጁ በምን ተለየ?

ብሪታንያዊው ሮአልድ ዳል እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ታሪክ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሚስት መርማሪ ፖሊስ የሆነው ባልዋ ሊተዋት መሆኑን ሲነግራት በረዶ በሆነ የበግ ታፋ መታ ገደለችው። ከዚያም ሥጋውን ምድጃ ውስጥ ጨምራ ወደ ሱቅ ወጣች፤ ተመልሳም ፖሊስ ጠራች። ፖሊሶቹ መግደያውን ሲፈልጉ አምሽተው በግብዣዋ የተጠበሰውን ሥጋ በሉት፤ ማስረጃውም በሆዳቸው ጠፋ። በሌላው ክፍል ሆና ሳቀች። አንባቢም አብሮ ይስቃል። ርእሱ በኢሳይያስ 53፥7 ስለ ንጹሑ አገልጋይ የተነገረውን የሚታረድ በግ የሚያስታውስ መሆኑን ስናይ ደግሞ ምጸቱ ይበረታል።

ወገኖች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ነፍሰ ገዳይ ሳትያዝ በመቅረቷ ለምን ደስ አለን? ሴቲቱ ተበድላለች፤ ጸሐፊውም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእርስዋ ዓይን እንድናይ አድርጎናል። ይህን ያወቀ አንባቢ ስለ ራሱ አንድ ትልቅ ነገር ተምሯል፤ ይኸውም የተበደለ ሰው በደልን ሲፈጽም ልባችን ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈቅድለት ነው። ይህን ሳያውቅ ስቆ ያለፈ አንባቢ ግን በቀል ጣፋጭ መሆኑን ብቻ ይዞ ይነሣል። ታሪኩ አንድ ነው፤ ለየብቻ የሚያደርገው አነባበቡ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከላይ ያየናቸውን ሦስት ጥያቄዎች በአእምሯችን እንያዝ፦ ምን አስመኘኝ? ምን አስፈራኝ? ከማን ጋር አሰለፈኝ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ማግኘት የሚቻለው ግን ታሪኩ ካለቀ ነው። በዚህ ዘመን በስልክ በየክፍሉ የሚለቀቁ ብዙ ታሪኮች «ይቀጥላል» በሚል ቃል ያበቃሉ። ክፍል 1 ክፍል 2ን ይጠራል፤ ክፍል 40 ላይም ልብ እንደ ተንጠለጠለ ነው። አጭር ልብ ወለድ አንዱ መልካም ጎኑ ማለቁ ነው፤ ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግተን ማሰብ እንችላለን። የማያልቅ ታሪክ ግን ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም፤ እንቅልፍንና የጸሎት ሰዓትን ቀስ በቀስ ይወስዳል። ስለዚህ የሚያልቀውን እንምረጥ።

ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ የሚያነበውን ከመንጠቃችሁ በፊት «ታሪኩን ንገረኝ» በሉት። አንድ ላይ አንብቡት። በመጨረሻም «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። በእሳት ዳር የነበረው የተረት ጊዜ ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ልጁ ብቻውን እንዳይፈራና ብቻውን እንዳይመኝ ያደርገው ነበር። የምትከለክሉት ነገር ቢኖርም ምክንያቱን ያውቃልና መደበቅ አያስፈልገውም። የወጣቶች መሪዎችም በወር አንድ ጊዜ አንድ አጭር ታሪክ መርጣችሁ አብራችሁ ብትወያዩ፣ ከብዙ የ«አታንብቡ» ስብከት የሚበልጥ ፍሬ ታያላችሁ።

እንዲሁም እያንዳንዳችን የራሳችንን ድካም እንወቅ። ያላገባችው እኅት፣ በትዳሩ የቆሰለው ወንድም፣ ከፍርሃት የወጣው አዲስ አማኝ፣ ቂም የያዘው ሰው፣ ሁሉም በአንድ ታሪክ እኩል አይነኩም። ለሌላው ጤና የሆነው ለእኔ ሕመም ከሆነ መዝጋት ነፃነት ነው።

ዳዊት የናታንን ታሪክ ሰምቶ ሲጨርስ ልቡ ተከፍቶ ነበር፤ በዚያች ሰዓት አጠገቡ እውነትን የሚነግረው ሰው ቆሞ ነበር። ለልጆቻችንና ለወጣቶቻችንም ታሪኩ ሲያልቅ አጠገባቸው ሆኖ የሚያነጋግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያ ሰው እኛ እንሁን። ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።